ለሰንሰል ሜዳ ቅዳሴ አምስት ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፮

ቅዳሴ በአምስት ሰው ነው። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አራት ሰው ድምፁ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ የፈለገውን ያህል ቢጾም፣ መቀደስ አይችልም። ልጄ ይኄይስ፣ ቄስ ለሆንከው ለአንተ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ባለቤትህም አብራ ትሰማለች ብዬ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለው ጭንቀት ሁሉ የሽማግሌ ቅብጠት ይመስለዋል።

ሰንሰል ሜዳ ገብተህ እንድታገለግል ብለምንህ፣ «መንገዱን በየዕለቱ እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ሳይቀባቡ። ከዚያ መሄድ አለመሄዴን እወስናለሁ» ብለኸኛል። እነሆ።

ሰንሰል ሜዳ ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ቆላው አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በጦርነቱ ተቃጠለ፤ ታቦቱን በዋሻ አትርፈው አሁን ሣር ክዳን መቅደስ ውስጥ አስገብተውታል። የቀሩላቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ አባ ወልዴ፣ እና አንድ ዲያቆን፣ ጌጡ፣ ናቸው። ሌላው ሞቷል፣ ወይም ተበትኗል። ቅዳሴ ከቀረ ክርስትናም ቀረ፤ የተጠመቀ ሕፃን በዚያው ዕለት መቁረብ አለበትና።

ሊወስደን የመጣው አያ ፈንታ የዚያው አገር ገበሬ ነው። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለታለች። የሴት ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው፤ የእርሷ ሰማንያ ቀን የሚመጣው ሰኞ፣ ኅዳር ፲፪፣ በሚካኤል ንግሥ ዕለት ነው። ከእርሷ በፊት የተወለደው ወንድ ልጁ ሳይጠመቅ ሞቶ ከቅጥሩ ውጭ ተቀብሯል። ይህን አንድ ጊዜ ነገረን፤ አልደገመውም።

የተነሡት ካህናት ሦስት ናቸው፦ አብሮህ የተማረው ሳቂታው ቄስ አድማሱ፣ ዲያቆን ሙሉ፣ ዲያቆን ይስማው። ሁለቱም ዲያቆናት ጢም ያወጡ ጎልማሶች ናቸው። ከሰንሰል ሜዳዎቹ ሁለት ጋር አምስት ይሞላል። እኔ ቁጥር ውስጥ የለሁበትም፤ ጓዝ ጠባቂና ቀን ቆጣሪ ነኝ። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የዜማ ጉባኤዬን አስረክቤ እንደተቀመጥኩ ታውቃለህ።

ዕቅዴ ጥሩ ነበር። ሦስት ቀን መንገድ፣ የቀረው ትርፍ። ሌሊት አህያችን አነከሰች። በቅሎ ተዋስን። አያ ፈንታ ወረቀት ስለሌለው በእርሻ ለእርሻ ዞረ፤ እኛ ወደ ኬላው ሄድን። እዚያ የቆመው ባንዳ የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየው።

«አራት ሰው፣ አንድ አህያ ይላል።»

«ልክ ነው» አልኩ።

«ይቺ በቅሎ ናት።»

«አህያዋ አነከሰች።»

«ታዲያ አህያዋ የታለች?»

ቄስ አድማሱ ጣልቃ ገባ። «ወንድሜ፣ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ብላለች ይባላል። ይቺ ግን አባቷን አትክድም። በአባቷ ስም አሳልፋት።»

ባንዳው ሳቀ፤ ግን አላሳለፈንም። በቅሎ ተብሎ እንዲታረምና እንዲታተም ጣልያኑ አዛዥ ያስፈልጋል፤ አዛዡ ደግሞ ምሳ በልቶ ተኝቷል። ሲነቃ አሥር ሰዓት ሆነ። ያደርነው ኬላው ከዓይናችን ሳይጠፋ፣ ቅርብ ካለ ገበሬ ቤት ነው። ይህን ለመጓዝ ጧት በዶሮ ጩኸት ተነሥቼ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፯

መጥፎ ቀን። አራት ሆነናል።

አውራ ጎዳናውን ለቀን ወደ ቆላ ከመታጠፋችን በፊት ድልድይ የሚሠሩ ጣልያኖች ደረስን። ጉልበት ያለውን መንገደኛ ሁሉ እየያዙ ድንጋይ ያሸክማሉ። አያ ፈንታ እንደ ትናንቱ በእርሻ ዞሮ ከፊት ይጠብቀናል፤ ቄስ አድማሱን ጥምጥሙን አይተው ተዉት፤ ይስማው በቅሎዋን ውሃ ሊያጠጣ ወደ ወንዙ ወርዶ ስለነበር ዳነ። ሙሉን ያዙት።

አስተርጓሚውን ለመንኩት። «ዲያቆን ነው፤ ለንግሥ ነው የምንሄደው።»

«ዲያቆን ትከሻ የለውም?» አለኝ።

ሙሉ ኩታውን አውልቆ ሰጠኝ። «የኔታ፣ ይሂዱ። እኔን ብላችሁ ሰኞ እንዳያልፋችሁ።» ድንጋዩን ሲያነሣ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አላማረበትም።

ሄድን። እየሄድኩ እደምራለሁ። ሁለት ቄስ፣ ሁለት ዲያቆን። ከየትም በኩል ብጀምር አራት። ቄስ አድማሱ ጎኔ መጥቶ፣ «የኔታ፣ እግዚአብሔርም እኮ ቁጥር ይችላል» አለኝ። ተቆጣሁት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እርስዎስ? ዲያቆን አይደሉም እንዴ? ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ሌላ አላገቡ፤ ክህነትዎ እንዳለ ነው» አለ።

«ይህ እጅ ወደ መቅደስ የሚገባ እጅ አይደለም» ብዬ ዘጋሁበት።

ለአንተ ግን ልንገርህ። የፈራሁት እጄን ብቻ አይደለም። ዕድሜዬን የተማሪ ስሕተት ስለቅም ኖሬ፣ ባረምኳቸው ሰዎች ፊት ስሳሳት ልታይ? አድማሱ ቢስቅስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር ፰

ትንሽ ድሎች፦ ጉልበቴን በቅቤ አሹልኝ። በቅሎዋ መልካም ጠባይ አላት። ዝናብ የለም።

ትልቁ ነገር ግን አልተሳካም። ደጋው የሚያልቅበት ላይ አንድ ደብር አለ። ዲያቆን እንዲያውሱኝ አለቃውን ለመንኳቸው። እርሳቸው የእኔን ያህል ያረጁ፣ ቀልድ አዋቂ ሰው ናቸው።

«ለሚካኤል ዕለት ዲያቆን? የኔታ፣ በእርሻ ቀን በሬ ይለመናል?»

«አንድ ብቻ።»

«ያለኝ ሦስት ነው። አንዱን ብሰጥዎ እኔም እንደ እርስዎ ለማኝ ሆኜ ልወጣ ነው። ከዚያ ሁለት ለማኝ መንገድ ላይ እንገናኝ?»

ልክ ናቸው። ያሳዘነኝም ልክ መሆናቸው ነው። ዶሮ አርደው አበሉን። አያ ፈንታ የበላው ከሁላችን በልጦ ነው። «አትጨነቅም?» አልኩት።

«የኔታ፣ እኔ የተላክሁት ካህን እንድጠራ ነው። ጠራሁ። የቀረው የኔ አይደለም።»

ዓርብ፣ ኅዳር ፱

ቁልቁለቱን ጀመርን። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ከቋጥኝ ኋላ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወጡ። አርበኞች ናቸው። ደስ አለኝ፤ እነርሱን ግን ደስ አላላቸውም። ጓዛችንን ፈትሸው የይለፍ ወረቀቱን አገኙ።

«ይህ ማኅተም የማነው?» አለ መሪያቸው፤ ጠጉሩን ያሳደገ፣ ቀጭን ሰው።

«የኬላው ነው። ያለ እርሱ አያሳልፉም።»

«ጣልያን ቄስ አሳምሮ ያሳልፋል። ባንዳ የሆነውን ቄስ!»

አያ ፈንታ ሊያስረዳ ቢሞክር ዝም በል ተባለ። ሰውየው ልጅ እያለ የቆሎ ተማሪ ነበር መሰለኝ፣ «ካህናት ከሆናችሁ አንዱ ከቅዳሴው ዜማ ያሰማን» አለ። አፈ ሙዙ ወደ ይስማው ዞረ። ይስማው ከፍርሃት ብዛት ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ከመሃል አንዱን ቦታ ሳይጎትት አለፈ።

«እዚያ ጋ አልጎተትክም። መልሰው» አልኩት።

መለሰው። አሁንም አጠረ። «አሁንም አልደረሰም! ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?»

የት እንደቆምኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መሪው ጠመንጃውን ተደግፎ ይስቃል። «ልቀቋቸው» አለ። «ባንዳ ቢሆን ነፍሱን ያድን ነበር እንጂ ዜማ አያርምም።»

በረከት ተቀበሉ። ወረቀቱን ግን አቃጠሉት። በቅሎዋንም ወሰዷት፤ መራመድ የማይችል ቁስለኛ ነበራቸው። ሰውየውን ሲያስቀምጡባት አየሁና መከራከሬን ተውሁ። ጓዙን ተካፍለን ተሸከምን። ሜሮኑንና ለወይኑ የሚሆነውን ዘቢብ እኔ በጉያዬ ያዝኩ።

በእግሬ ስወርድ አንድ ነገር አሰብኩ። እኔ እግዚአብሔርን የማነጋግረው ሐሳቤን ጨርሼ፣ ቀኑን ከፋፍዬ፣ ሰዉን መድቤ ነው። ልክ እንደዚያ እንደ ኬላው አዛዥ፣ ማኅተም እንዲያደርግልኝ ብቻ። እርሱ ዝም ሲል «ተኝቷል» እላለሁ። ለአድማሱ ይህን ብነግረው ሳቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲

ደረስን! እግሬ አብጧል፤ ልቤ ደህና ነው።

እልልታው ከማሳው ጀምሮ ተቀበለን። ማሽላ የሚጠብቁት ከማማቸው እየወረዱ መጡ። አባ ወልዴ ዓይናቸው ደክሟል፤ እያንዳንዳችንን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ይህ ቄስ ነው። ይህ ዲያቆን ነው። ይህ…» አሉና እጄን ያዙት። እጄ በእጃቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «ይህ መምህር ነው» አሉ። ሦስተኛው የት ቀረ ብለው አልጠየቁም።

የጠየቀችኝ የአያ ፈንታ ሚስት እናትነሽ ናት። ልጅቱን አዝላ መጥታ፣ «የኔታ፣ ሞላችሁ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። ለማምለጫ ያልኩት ቃል ነው። እርሷ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰደችውና፣ «እርሱ ካወቀማ ምን ቀረ!» ብላ እየሳቀች ሄደች። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ፈጣን ተማሪ አላጋጠመኝም።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፩

ሰንበት ሆኖ ቅዳሴ የለም። ጸሎተ ኪዳን ብቻ አድርሰን ወጣን። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ቆሞ ነበር፤ እንደመጣ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ አባ ወልዴ ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። አድማሱ ነግሯቸዋል፤ ወሬኛ።

«ክህነት አለህ ይሉኛል» አሉ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አባ።»

«የኔም ዓይን አያይም። ከሁለታችን አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣል።»

«ጽዋ ብደፋስ?»

«ጽዋ ያዝ ማን አለህ? ጌጡ ይይዛል። አንተ መብራት ያዝ።»

መብራት መያዝ የትንሹ ዲያቆን ሥራ ነው። ጀማሪ የሚይዘው። ይስማው ላይ ሳሾፍበት የኖርኩት ሥራ። እሺ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የተሸከምኩት ጓዝ አብሮ የወረደ መሰለኝ። አምስት ሞላን!

የሰጡኝ ቀሚስ ጉልበቴ ላይ ቀረ። አድማሱ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይርገፈገፋል። «ሳቅ፤ ይውጣልህ» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ነበር የፈራሁት?

ከሰዓት በኋላ ጌጡን አለማመድኩት። ድምፁ መልካም ነው፤ ዜማውን ግን በጥርሱ መሃል ያልጎመጉመዋል። «አፍህን ክፈት። ነገ ጧት ከመግባታችን በፊትም ታሰማኛለህ» አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፪

ቀስ ብዬ ልጻፍ፤ ደስታ ፊደል ያጣምማል።

ገና ሲነጋ ከመቅደሱ ደጅ ጌጡን አቆምኩት። የንግሡ ሕዝብ ከነከብቱ ስለመጣ ዝንቡ ለጉድ ነው። ጌጡ ጀመረ።

«አፍህን!» አልኩት።

ከፈተ።

«አሁንም! ሰፋ አድርገው!»

ሰፋ አደረገው። ከዚያ ድምፁ ቀጥ አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ጉሮሮውን ያዘ።

«ምን ሆንክ?»

«የኔታ… ዝንብ።»

«ትፋው!»

«ወርዷል።»

ዝንብ የዋጠ አይቀድስም። ጾሙን ሽሯልና። ለባለቤትህ አንተ አስረዳት፤ እኔ አፍሬያለሁ። ጣልያን አይደለም፣ አርበኛ አይደለም፣ እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት፤ በእርማቴ። ጌጡ አለቀሰ። እኔም ልቀላቀለው ምንም አልቀረኝም። አራት።

አያ ፈንታ ሚስቱን አስከትሎ ደጁ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። ልጅቱን ከእናቷ ጀርባ ተቀብሎ አቀፋት። ዕቅድ ፈለግሁ፤ የለኝም። አንድም። ግድግዳውን ተደግፌ፣ «እኔ ጨርሻለሁ፤ የሆነውን አንተ አድርግ» አልኩ። ጸሎት ለመባል እንኳ አይበቃም። ደግሞም መልስ ጠብቄ አልነበረም፤ እውነቱን ልጻፍ።

እንግዲህ ኪዳን ብቻ ልናደርስ ስንነሣ ከገደሉ በኩል ውሻ ጮኸ። ሰው ብቅ አለ። በባዶ እግሩ፣ አቧራ የተቀባ፣ የሚወላገድ። ሙሉ ነው!

ጣልያኖቹ እሑድ አያሠሩም፤ ሰኞ ጧት እንድትመለሱ ብለው የያዟቸውን ሰዎች ቅዳሜ ማታ ለቀዋቸዋል። እርሱ ወደ ቆላ ነጎደ። ሕዝቡ ሊያቅፈው ሲሮጥ ውሃ የያዘች አንዲት ሴት ቅሏን ወደ አፉ አስጠጋች።

«እንዳትጠጣ!» ብሎ አድማሱ ጮኸ። ቅሏን ከእጇ ነጠቀ። «መጨረሻ የበላኸው መቼ ነው?»

ሙሉ የተሰደበ መስሎት ደነገጠ። «ትናንት ቀትር ላይ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ።»

«ከዚያስ?»

«ምንም።»

«ውሃ?»

«ምንጭ ፈለግሁ፤ ጨለማ ነበር፣ አላገኘሁም።»

«ምንም አልቀመስክም?»

«ኧረ ቄስ አድማሱ፣ በረሃብ ሞቻለሁ ነው የምልዎ!»

እልልታው ያኔ ቀለጠ። አንድ ሰው ተርቤ ሞትኩ ሲል እንዲህ ያለ እልልታ የተሰማ አይመስለኝም። ሙሉ አንዴ እኛን አንዴ ቅሏን ያያል። «ጉድ ነው፤ እዚህ አገር ሰው ሲራብ ይጨፈራል?» አለ። እግሩን አጥበን አለበስነው።

ሕፃናቱ ተጠመቁ። የአያ ፈንታ ልጅ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ወለተ ሚካኤል ተባለች፤ ውሃው ሲነካት የጮኸችው ጩኸት ጌጡን ያስተምራል። ከኋላዋ የተሰለፉትን መቁጠር ጀምሬ ተውሁ። ቅዳሴው ተቀደሰ። ታቦቱ ወጣ፣ ነገሠ፣ ገባ። መብራቱ ተንቀጠቀጠ፤ አልጠፋም። ሰሙ አድማሱ እግር ላይ ተንጠባጠበ፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ «የኔታ፣ ሌላ ቦታ መብራት ይቆማል፤ የእርስዎ ግን ያሸበሽባል» አለኝ።

ሰው ሁሉ ለመብላት ሲቀመጥ አያ ፈንታ አልነበረም። ዞር ብዬ ባይ ከቅጥሩ ውጭ ልጅቱን አቅፎ ቆሟል፤ ትንሽ የድንጋይ ክምር አጠገብ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ታጥቧል። «የኔታ፣ ይብሉ እንጂ» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፫

አሁን እንደ ቃሌ፣ ሳልቀባባ።

ቆላ ነው። ወባ አለ። ዝንቡን አንብበሃል። ቤት ይሠሩልሃል፤ ሣሩ ታጭዷል፤ አያ ፈንታና ጎረቤቶቹ ዛሬ እንጨት ይቆርጣሉ፤ ማን እንደሚገባበት ሳይጠይቁ። እህል አለ። ማር ብዙ ነው። ጣልያን እስከዚህ አይወርድም፤ ነገ ግን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። መንገዱን አይተሃል፤ በሰላም ትደርሳለህ ብዬ አልምልልህም። እኔ ያሰብኩት አንድም አልሆነም፤ የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሆኗል። ለምን እንዲህ እንደሆነ አስረዳ ብትለኝ አልችልም። ድሮ ያልገባኝን አላስተምርም ነበር፤ ይህን ግን ሳይገባኝም ይዤዋለሁ።

ሙሉ ወደ ድልድዩ ሊመለስ አይችልም፤ ሰኞ ጠብቀው አጥተውታል። እዚሁ ይቀመጣል። እኔም አልመለስም፤ መብራት ያዥ ሆኛለሁ፤ ማታ ማታ ጌጡን አስተምራለሁ፤ አፉን በእጁ እየከለለ ነው የሚያዜመው። ቄስ አድማሱ ግን ሕዝቡ ይጠብቀዋልና ነገ ከይስማው ጋር በሌላ መንገድ ይወጣል። ይህን ጽሑፍ ሉማሜ ድረስ የሚያመጣልህ እርሱ ነው።

አባ ወልዴ፣ ሙሉ፣ ጌጡ፣ እኔ። ደመርከው?

ትናንት ከበሉት መሃል አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ዛሬ ጧት ወንድ ወለደች። አርባ ቀኑ ከገና በፊት ይሞላል። እናትየው ከአልጋዋ ሆና ልካብኝ ነበር፤ «ሞላችሁ?» ትላለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ከባለቤትህ ጋር ተማከር። እመጣለሁ ብትል እሰየው፤ አልመጣም ብትልም አልቀየምህም፤ ሌላ ቄስ እፈልጋለሁ። ብቻ አታቆየኝ። ከሉማሜ ገበያ ወደዚህ የሚወርዱ ጨው ነጋዴዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ሰው፣ አንድ ቃልም ብትሆን፣ መልስህን ቶሎ ላክልኝ።